ከሽብር ጥቃት ማግስት የውጭ ፖሊሲ ይቀየር?

ማርች 11 ቀን 2004 ማለዳ፣ ሠራተኛና ተማሪ ጭነው ወደ ማድሪድ በሚገቡ አራት ባቡሮች ውስጥ 10 ፈንጂዎች በደቂቃዎች ልዩነት ፈንድተው ከ190 በላይ ሰዎችን ገደሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) በሦስተኛው ቀን ጠቅላላ ምርጫ ነበር። ኢራቅ ውስጥ 1,300 ያህል ወታደሮች ያሰለፈው የጠቅላይ ሚኒስትር ሆሴ ማሪያ አዝናር ፓርቲ ተሸነፈ። ወታደሮቹን አስወጣለሁ ብለው የተወዳደሩት ሶሻሊስቱ ሆሴ ሉዊስ ሮድሪጌዝ ሳፓቴሮ አሸነፉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ቃላቸውን ፈጸሙ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ «ስፔን ለአሸባሪዎች ተንበረከከች» የሚለው ክስ ከፖለቲከኞች አንደበት ጠፍቶ አያውቅም። ክሱ ለመናገር ይቀላል። ሳፓቴሮ ግን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እስከ ጁን 30 ድረስ የኢራቅን ኃላፊነት ካልተረከበ ወታደሮቹን እንደሚመልሱ የተናገሩት ፈንጂዎቹ ከመፈንዳታቸው በፊት ነው። ስፔናውያን ጦርነቱን ገና ከጅምሩ በብዙ እጅ ተቃውመውት፣ በ2003 በገፍ አደባባይ ወጥተውበታል። በዚህ ላይ የአዝናር መንግሥት ማስረጃው ሁሉ ወደ እስላማዊ አክራሪዎች እያመለከተ ጥቃቱን የባስክ ተገንጣዩ ኢታ ላይ ለማላከክ ሙጭጭ አለ። ሕዝቡ በዚያ እሑድ የቀጣው የኢራቁን ዘመቻ ይሁን፣ ሊያታልሉት መሞከራቸውን ይሁን፣ ወይስ በፍርሃት ተነድቶ ይሁን፣ ተመራማሪዎች እስካሁን አንድ ቃል አልሆኑም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሳሹም ተከላካዩም የሚዘሉት ምዕራፍ አለ። ሳፓቴሮ ካሸነፉ በኋላ፣ ኤፕሪል 2፣ ማድሪድን ከሴቪያ በሚያገናኘው የፈጣን ባቡር ሐዲድ ሥር ሌላ ፈንጂ ተገኘ። በማግስቱ ሌጋኔስ በተባለችው የማድሪድ አጎራባች ከተማ ፖሊስ የከበባቸው ተጠርጣሪዎች ራሳቸውን ሲያፈነዱ አንድ የልዩ ኃይል ፖሊስ አብሯቸው ሞተ። ወታደሮቹ እንደሚወጡ በይፋ እየታወቀ ጥቃቱ ሊቀጥል ታቅዶ ነበር ማለት ነው። ስፔን በበኩሏ ከኢራቅ ብትወጣም ከአፍጋኒስታን አልወጣችም፤ እንዲያውም እዚያ ያላትን ኃይል ጨመረች። በፍርሃት የሸሸ አገር እንዲህ አያደርግም። ከኢራቅ በመውጣቷ ሰላም ገዛች የሚለውም ወገን የኤፕሪሉን ፈንጂ ማስረዳት አለበት።

የስፔንን ጉዳይ ያስቀደምኩት ጥያቄው እንዴት በተዛባ መንገድ እንደሚቀርብ ስለሚያሳይ ነው። «ከጥቃት በኋላ ፖሊሲ ይቀየር ወይስ አይቀየር?» ሲባል፣ ተለምዶ ያለው ሥርዓት ትክክል እንደሆነና መቀየር ማለት ማፈግፈግ ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ይታሰባል። ታሪኩን ላገላበጠ ሰው ግን ትልቅ ጥቃት ደርሶበት የውጭ ፖሊሲውን እንደነበረ የተወ መንግሥት ማግኘት ይከብዳል። አብዛኞቹ ቀይረዋል። የቀየሩትም ወደ ጦርነት ነው። ወታደር ሲመለስ «ለውጥ» ይባላል፣ ወታደር ሲዘምት ግን «ጽናት» የሚል ስም ይሰጠዋል፤ ሁለቱም ውሳኔዎች አጥቂው በመረጠው ቀን የተወሰኑ መሆናቸው ይረሳል።

እኔ የምከራከረው ጥቃት የአንድን ፖሊሲ ዋጋ ሊያሳይ ቢችልም ትክክለኛነቱን ግን እንደማይመሰክር ነው። በጥቃቱ ዋዜማ በበቂ ምክንያት የቆመ ፖሊሲ በማግስቱም ይቆማል። በዋዜማው ምክንያት ያልነበረው ደግሞ ሰው ስለሞተበት ብቻ ምክንያት አያገኝም። ይህ መለኪያ ለመውጣትም ለመዝመትም እኩል መሥራት አለበት። በተግባር ግን ለአንዱ ብቻ ነው የሚውለው።

እጅ አንሰጥም የሚሉት

የእጅ አንሰጥም ባዮች መከራከሪያ ጠንካራ መሠረት አለው። በኦክቶበር 1983 ቤሩት ውስጥ ፈንጂ የጫነ መኪና የአሜሪካን የባሕር ኃይል እግረኞች ሰፈር ሲያፈርስ 241 አሜሪካውያን ሞቱ። በተመሳሳይ ሰዓት 58 የፈረንሳይ ወታደሮች ተገደሉ። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን አሜሪካ ከሊባኖስ እንደማትወጣ ተናገሩ። አራት ወር ሳይሞላ ወታደሮቹ ወደ መርከቦቻቸው መመለስ ጀመሩ። ኦሳማ ቢን ላደን በ1996 ባወጣው የጦርነት አዋጅ ይህንኑ የአሜሪካ ወታደሮች ከሞቱበት ከ1993ቱ የሞቃዲሾ ውጊያና ከዚያ በኋላ ከተከተለው መውጣት ጋር አያይዞ፣ አሜሪካ ደም ሲፈስሳት የምትሸሽ አገር ናት እያለ ተሳለቀ። አንድ ቦታ የተደረገ ውሳኔ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው ይማርበታል፤ ክርክሩ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ የቤሩቱን ትምህርት በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። የዚያ ግዳጅ ዓላማ ገና ከፍንዳታው በፊት ግልጽ አልነበረም፤ በሬገን አስተዳደር ውስጥም ባለሥልጣናቱ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ትልቁ ስህተት መውጣታቸው አይመስለኝም። በሐዘኑ ቀን «አንወጣም» ብለው መማላቸው ነው ያዋረዳቸው። ያ መሐላ ባይኖር ኖሮ መውጣቱ የፖሊሲ ክለሳ ተብሎ ባለፈ ነበር። መሪዎች ከጥቃት በኋላ በማይክራፎን ፊት የሚምሉት «አንዲት ነገር አንቀይርም» የሚል መሐላ የነገ እጃቸውን ያስራል፤ ሊያቆዩት ሲያቅታቸውም ለጠላት ስብከት ይሆናል።

ኦስትሪያ ከዚህ የበለጠ የሚያስተክዝ ታሪክ አላት። በሴፕቴምበር 1973 ሁለት ታጣቂዎች ከሶቪየት ኅብረት የሚወጡ አይሁድ ስደተኞችን የጫነ ባቡር ውስጥ ገብተው ሰዎች አገቱ። የጠየቁት ስደተኞቹ የሚያርፉበት የሾናው ጣቢያ እንዲዘጋ ነበር። ራሳቸው ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱት ቻንስለር ብሩኖ ክራይስኪ እሺ አሉ። ታጋቾቹ በሕይወት ወጡ። የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ጎልዳ ሜየር ቪየና ድረስ በረው ቢለምኑም ሐሳባቸውን ማስቀየር አልቻሉም። ክራይስኪ ግን ስምምነቱን በጣም ጠባብ አድርገው ተረጎሙት፦ ጣቢያው ተዘጋ፣ ስደተኞቹ ግን በሌላ ማረፊያ በኩል በኦስትሪያ ማለፋቸውን ቀጠሉ። ብልጠት ነው የሚሉ አሉ፤ በሰው ነፍስ ሲለካም የክራይስኪ ውሳኔ የታጋቾቹን ሕይወት አትርፏል። ለኦስትሪያ የተገኘላት ከለላ ግን የለም። በዲሴምበር 1975 የነዳጅ አምራች አገሮች ድርጅት ስብሰባ እዚያው ቪየና ተወረረ፤ በ1981 የከተማዋ ምኩራብ፣ በ1985 ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያዋ ጥቃት ደረሰባቸው።

ምሁራንም በዚህ ላይ ተለያይተዋል። ሮበርት ፔፕ የተባሉት አሜሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት የሚበዛው ስለሚሠራ ነው፣ ዴሞክራሲያዊ መንግሥታትን ከያዙት መሬት ያስወጣል ብለው ተከራከሩ። ማክስ አብራምስ ደግሞ በ2006 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካ በአሸባሪነት የፈረጀቻቸውን 28 ቡድኖችና 42 የፖለቲካ ግቦቻቸውን መርምረው የተሳካው 7 በመቶ ብቻ እንደሆነ አገኙ። የበለጠ የሚያመራምረው ግን ምክንያቱ ነው። በአብራምስ አተረጓጎም ቡድኑ ሲቪሎችን ሲገድል ሰለባዎቹ የሚሰሙት ጥያቄውን አይደለም፤ ሊያጠፋን ነው የመጣው ብለው ይደመድማሉ፣ ለድርድርም በሩን ይዘጋሉ። የጥቃቱ ዓይነት የጥያቄውን ይዘት ይውጠዋል።

ከተሟላው ጥያቄ ጀርባ

ቢን ላደን በ1996 አዋጁ ቀዳሚ ያደረገው ጥያቄ የአሜሪካ ጦር ከሳዑዲ አረቢያ ይውጣ የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ በኋላ በተግባር ተሟልቷል፤ ብዙ ሰው ግን አያስታውሰውም። በኤፕሪል 2003 መጨረሻ የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ራምስፌልድ ሪያድ ሆነው፣ የኢራቅን ሰማይ ለመጠበቅ ሲባል የቆየው ኃይል ሳዳም ሁሴን ስለወደቁ እንደሚወጣ አስታወቁ። ምክትላቸው ፖል ዎልፎዊትዝም የዚያ ጦር መኖር ለአልቃይዳ ምልመላ ትልቅ መሣሪያ ሆኖ እንደቆየ በይፋ ተናገሩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሜይ 12፣ የአልቃይዳ ሰዎች ሪያድ ውስጥ የውጭ አገር ዜጎች የሚኖሩባቸውን ግቢዎች በመኪና ፈንጂ መትተው ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል፣ ሁለቱም አብረው መያዝ አለባቸው። የመጀመሪያው፣ አጥቂው ቡድን በመግለጫው የጻፈውን ጥያቄ ማሟላት ቡድኑን አያፈርሰውም፤ ለነፍሰ ገዳዮቹ ጥያቄው መመልመያ ነው፣ መመልመያው ሲያልቅ ሌላ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው፣ ዋሽንግተን ያን ኃይል ያወጣችበት ምክንያት የራሷ ስለነበር «ተንበረከከች» የሚለው ክስ ብዙም አልተሰማም። አንድ ዓይነት እርምጃ በ1996 አዋጁ ማግስት ቢወሰድ ውርደት፣ በ2003 ሲወሰድ ግን የተለመደ የጦር ሰፈር ሽግሽግ ሆነ። ቀኑና ምክንያቱ ከእርምጃው ይበልጣሉ።

ማስረዳትና ማመካኘት

ጁላይ 7 ቀን 2005 በለንደን የምድር ባቡርና አውቶቡስ ላይ በደረሰው ጥቃት 52 ሰዎች ሲገደሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ከኢራቁ ጦርነት ጋር ማያያዝን አጥብቀው ተቃወሙ። የሴፕቴምበር 11 ጥቃት የደረሰው ከኢራቅ ወረራ በፊት ነው አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የራሳቸው መንግሥት የጋራ የስለላ ኮሚቴ በፌብሩዋሪ 2003፣ ከወረራው ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በኢራቅ ላይ የሚወሰድ ወታደራዊ እርምጃ የአልቃይዳን ሥጋት እንደሚያባብሰው አስጠንቅቋቸው ነበር። የአገር ውስጥ ደኅንነት ተቋሙ ኤምአይ5 ኃላፊ የነበሩት ኤሊዛ ማኒንግሃም-ቡለር በ2010 ብሪታንያ በኢራቁ ጦርነት የነበራትን ሚና ለመረመረው የቺልኮት አጣሪ ኮሚሽን ቀርበው ጦርነቱ የአንድን ትውልድ ወጣቶች ወደ አክራሪነት እንደገፋ መሰከሩ። የአሜሪካ የስለላ ተቋማት በ2006 ባዘጋጁት የጋራ ግምገማም ኢራቅ ለጂሃዲስቶች መሰባሰቢያ እንደሆነች ጽፈዋል።

እነዚህ ሰዎች ለገዳዮች ጠበቃ የቆሙ አይደሉም። የእሳት አደጋ መርማሪ ቤቱ ለምን እንደተቃጠለ ሲያጣራ ለእሳቱ አይሟገትም። አንድ ፖሊሲ ሥጋት እንደሚያመጣ መናገርን ከክህደት ጋር የሚያመሳስል ፖለቲካ ራሱን ከማስረጃ ያርቃል። በ2017 ከማንቸስተሩ ጥቃት ቀናት በኋላ የብሪታንያው የሌበር ፓርቲ መሪ የነበሩት ጄረሚ ኮርቢን በውጭ በተደረጉ ጦርነቶችና በአገር ውስጥ ሽብር መካከል ግንኙነት አለ ሲሉ የወረደባቸውን ውግዘት ያስታውሷል። ጊዜውን አልመረጡ ይሆናል፤ የተናገሩት ግን የደኅንነት ባለሥልጣናቱ ከዓመታት በፊት በይፋ ያሉትን ነው።

ይህን ካመንን በኋላ ግን ሌላው ግማሽ ይመጣል። በኦክቶበር 2002 በኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት 202 ሰዎች ተገደሉ፤ 88ቱ አውስትራሊያውያን ነበሩ። በቀጣዩ ወር በወጣ የድምፅ ቅጂ ቢን ላደን ከአፍጋኒስታኑ ጦርነት ሌላ አውስትራሊያ ምሥራቅ ቲሞርን ከኢንዶኔዥያ ለመገንጠል አድርጋዋለች ያለውን ሥራ እንደ ወንጀል ቆጠረባት። ያ «ወንጀል» ምን ነበር? በ1999 የምሥራቅ ቲሞር ሕዝብ በተባበሩት መንግሥታት በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ ከ78 በመቶ በላይ ነፃነትን ሲመርጥ፣ ከዚያም ሚሊሻዎች አገሪቱን ሲያቃጥሉ፣ አውስትራሊያ በጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ ዓለም አቀፍ ኃይል መርታ ገብታ ግድያውን አስቆመች። ይህ ፖሊሲ ዋጋ ያስከፍላል ተብሎ ቢታወቅ እንኳ መተው ነበረበት የሚል ሰው አላጋጠመኝም። የኢራቁም የቲሞሩም ውሳኔ ቁጣ ቀስቅሰዋል። የአንዱን ስህተትነት የሌላውን ተገቢነት የምናውቀው ከአጥቂው ቁጣ መጠን እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማነጻጸሪያ ያለ አይመስለኝም።

አሁንም የሚጠራጠር ካለ የኖርዌይን ጉዳይ ያስብ። በጁላይ 2011 አንድ ቀኝ አክራሪ 77 ሰዎችን ሲገድል፣ ሙስሊም ስደተኞች ወደ አውሮፓ መግባታቸውን እንደ ምክንያት አቀረበ። ኖርዌይ የስደተኞች ፖሊሲዋን በገዳዩ ጥያቄ ልክ ታስተካክል ብሎ የተነሣ ቁም ነገረኛ ሰው የለም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዬንስ ስቶልተንበርግ ምላሻችን የበለጠ ዴሞክራሲና የበለጠ ግልጽነት ነው አሉ። ኒውዚላንድም በ2019 በክራይስትቸርች መስጊዶች 51 ምእመናን ከተገደሉባት በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ሕግ ቀየረች፤ 119 ለ1 በሆነ ድምፅ የቀየረችው የጦር መሣሪያ ሕጓን ነው። ስለ ጂሃዲስት ጥቃት ስንከራከር የምንደናገርበት ነገር ገዳዩ ከእኛ የተለየ ፖለቲካ ሲኖረው ብዙም አያደናግርም።

የበለጠ ውድ የሆነው ለውጥ

አጥቂዎች ከማፈግፈግ ይልቅ በብዛት ያተረፉት ከበቀል ነው። ጁን 28 ቀን 1914 በሳራዬቮ የኦስትሪያ-ሀንጋሪ አልጋ ወራሽ ሲገደሉ፣ ገዳዮቹን ያስታጠቀው በሰርቢያ የጦር መኮንኖች የሚመራ ስውር ድርጅት ነበር። ቪየና አልተንበረከከችም። ለአንድ ወር ያህል መከረች፣ ጁላይ 23 ለሰርቢያ እንድትቀበለው ያልተጻፈ የሚመስል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጠች፣ ሰርቢያ አብዛኛውን ብትቀበልም በአምስተኛው ቀን ጦርነት አወጀች። አራት ዓመት ተኩል ሳይሞላ ግዛቷ ፈርሶ፣ ወጣቶቹ ሴረኞች የተመኙት የደቡብ ስላቮች አንድ መንግሥት በዲሴምበር 1918 ታወጀ። በጥይት ሊገኝ የማይችለውን ነገር የተተኮሰበት መንግሥት ራሱ ሠራው። ሰርቢያም ለዚህ ከሕዝቧ እጅግ ብዙውን ገብራለች፤ አትራፊ ያልኩት ሐሳቡን እንጂ ሕዝቡን አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ለዘመናችን ይቀርባል። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2001፣ የኒውዮርኩ ፍርስራሽ እየጨሰ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ፕሬዚዳንቱ ከጥቃቱ ጋር ንክኪ ባላቸው ላይ ኃይል እንዲጠቀሙ ፈቀደ። በተወካዮች ምክር ቤት 420 ለ1፣ በሴኔት 98 ለ0። ብቸኛዋ ተቃዋሚ የካሊፎርኒያዋ ባርባራ ሊ ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ የዛቻ ናዳ ወረደባቸው። የፈቃዱ ዋና አንቀጽ በእንግሊዝኛው 60 ቃላት ያህል ብቻ ነው፤ የጊዜ ገደብ የለውም፣ አገር አይጠቅስም። በኋላ ከየመን እስከ ሶማሊያ ዘመቻ ተካሄደበት፣ በ2014 ደግሞ ጥቃቱ ሲደርስ በዚያ ስሙ ባልነበረው አይሲስ ላይ ዋለ። ብራውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራ የጥናት ቡድን ከ2001 ወዲህ የተካሄዱት ጦርነቶች ለአሜሪካ ያስከተሉትን ወጪ፣ ለአርበኞች ወደፊት የሚከፈለውን ጨምሮ፣ በ2021 ወደ 8 ትሪሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ቢን ላደን ይህ እንደገባው በኦክቶበር 2004 ባስተላለፈው የቪዲዮ መልእክት ሳይደብቅ ተናግሯል፤ ሁለት ሰዎችን ልኮ የአልቃይዳ ስም የተጻፈበት ጨርቅ እንዲያውለበልቡ ቢያደርግ የአሜሪካ ጄኔራሎች ወደዚያ እንደሚሮጡ እየቀለደ፣ ዓላማው አሜሪካን ማክሰር እንደሆነ ገለጸ። ፉከራውን ሙሉ በሙሉ ማመን አያስፈልግም። በአፍጋኒስታን የአልቃይዳን ማሠልጠኛ ማፍረስ በማንኛውም መለኪያ ተገቢ ነበር፤ ጥቃቱ የተነሣው ከዚያ ነውና። የኢራቁ ግን ከጥቃቱ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በሐዘን ወቅት የተገኘ የሕዝብ ድጋፍ ሌላ ቦታ ላይ ቀድሞ ለተፈለገ ጦርነት ዋለ። ይህም ከጥቃት በኋላ የተደረገ የፖሊሲ ለውጥ ነው፣ ከስፔኑም በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የሕንድ ሁለት መልሶች

በኖቬምበር 2008 ከፓኪስታን በባሕር የመጡ 10 ታጣቂዎች ሙምባይ ውስጥ 166 ሰዎችን ገደሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግ ጦር አላዘመቱም። ድርድሩን አቋረጡ፣ ማስረጃውን ለዓለም ዘረጉ። በወቅቱ የውጭ ጉዳይ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ሺቭሻንካር ሜኖን ራሳቸው መጀመሪያ ላይ የሚታይ የአጸፋ እርምጃ ይወሰድ ብለው እንደነበርና ኋላ ግን ትዕግሥቱ ትክክል እንደነበር እንዳመኑ ጽፈዋል። ምክንያታቸው ቀጥተኛ ነው፦ ሕንድ ብትተኩስ ጉዳዩ የሁለት አገሮች የድንበር ጠብ ይሆናል፣ ካልተኮሰች ግን የዓለም ዓይን ከፓኪስታን አይነሣም። የዚህ ዋጋ በአገር ቤት ተከፈለ። ብዙ ሕንዳውያን ገዳዮቹን የላኳቸው ሳይነኩ ቀሩ የሚል ቁጭት ይዘው ቀሩ፣ ቁጭቱም ፖለቲካ ሆነ።

ከ2014 በኋላ የመጣው የናሬንድራ ሞዲ መንግሥት መልሱን ደረጃ በደረጃ ለወጠው። በ2016 በካሽሚር ከደረሰው የኡሪ ጥቃት በኋላ የእግረኛ ኮማንዶዎች ካሽሚርን በሁለቱ አገሮች መካከል የሚከፍለውን መለያያ መስመር ተሻገሩ። በ2019 ፑልዋማ ላይ 40 የጸጥታ ኃይል አባላት ሲገደሉ አውሮፕላኖች ፓኪስታን ውስጥ እስካለችው ባላኮት ዘልቀው ደበደቡ። በኤፕሪል 2025 በካሽሚር ፓሃልጋም 26 ሰዎች ሲገደሉ ሕንድ በ1960 የተፈረመውንና በሁለቱ አገሮች ጦርነቶች ሁሉ የቆየውን የኢንደስ ወንዝ የውኃ ስምምነት አገደች፤ ሜይ 7 ደግሞ ፓኪስታን ውስጥ የሚገኙ ዒላማዎችን መታች። አራት ቀን የቆየው ውጊያ በተኩስ አቁም ቆመ። ኒው ዴልሂ ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የሽብር ጥቃት እንደ ጦርነት ድርጊት ይቆጠራል የሚል አቋም ይዛለች።

የዚህ አቋም ማራኪነት ይገባኛል። ለዓመታት በጥቃት የተማረረ ሕዝብ ዝም በሉ ሊባል አይችልም፤ የፓኪስታን ጦርም ለታጣቂዎች ከለላ በመስጠት የሚታወቅበት ታሪክ አለው። የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ጥቃት በደረሰ ቁጥር ጦርነት ይከተላል ተብሎ አስቀድሞ ከታወጀ፣ የኑክሌር መሣሪያ ባላቸው ሁለት አገሮች መካከል ጦርነት መቼ እንደሚነሣ የመወሰን ሥልጣን ከካቢኔ ወጥቶ አምስት ጠመንጃ ያዦች እጅ ይገባል። እነሱም ይህን ያውቃሉ። ሜኖን ያዩት የትዕግሥት ጥቅም ዋጋ ቢያስከፍልም ቢያንስ ውሳኔውን መንግሥቱ ጋ አስቀርቶ ነበር።

የምሥራቅ አፍሪካን ጉዳይ ባጭሩ ላንሳ። በጁላይ 2010 ካምፓላ ውስጥ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን ሲመለከቱ የነበሩ ከ70 በላይ ሰዎችን አልሸባብ ሲገድል፣ ኡጋንዳ ከሶማሊያ ሰላም አስከባሪ ኃይል ትወጣለች ብሎ ነበር ያሰላው። ኡጋንዳ ተጨማሪ ወታደር አቀረበች። ኬንያም በ2013 በዌስትጌት የገበያ ማዕከል 67፣ በ2015 ደግሞ በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎች ተገድለውባት በ2011 ካስገባችው ጦሯ ጋር ቀረች። ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ ማየት አይገባም፤ ኡጋንዳ ከሶማሊያ ጋር አትዋሰንም፣ ኬንያ ግን ጦሯን ብታወጣም ድንበሯን ይዛ መሄድ አትችልም። በናይሮቢ መነሣት የነበረበት ጥያቄ ጦሩ ሶማሊያ ውስጥ የሚያደርገው ነገር ድንበሩን እየጠበቀ ነው ወይ የሚለው ነበር፤ ከየጥቃቱ በኋላ ግን ውይይቱ «እንውጣ» እና «አንውጣ» ላይ ተቸንክሮ ቀረ።

ማን፣ መቼ ይወስናል

መለኪያው ዋዜማው ከሆነ፣ በዋዜማው የተጻፈ ነገር መኖር አለበት። ችግሩ አብዛኞቹ መንግሥታት ወታደር ውጭ አገር ሲልኩ ለምን እንደላኩ፣ ምን ሲሆን እንደሚመልሱ ግልጽ አድርገው አለማስፈራቸው ነው። ምክንያቱ ካልተጻፈ ከጥቃቱ በኋላ ማንም የፈለገውን ምክንያት ይሰጠዋል። ስፔን ይህን ለማረም ሞክራለች፤ በኖቬምበር 2005 የወጣው የመከላከያ ሕጓ ወታደር ወደ ውጭ ግዳጅ ከመላኩ በፊት የምክር ቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ከባቡሮቹ ጥቃት በኋላ ከተደረጉት ለውጦች ውስጥ እኔ ትልቅ ግምት የምሰጠው ለዚህ ነው፣ ስለ እሱ የሚጻፈው ግን ከሁሉ ያንሳል።

የፈረንሳይ መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። በኖቬምበር 2015 ፓሪስ ውስጥ 130 ሰዎች ሲገደሉ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ኦላንድ በሁለተኛው ቀን የአይሲስ መናኸሪያ የነበረችውን የሶሪያዋን ራቃ አስደበደቡ፣ በሦስተኛው ቀን ለምክር ቤቱ «ፈረንሳይ ጦርነት ላይ ናት» አሉ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞስኮ ሄደው ከቭላድሚር ፑቲን ጋር ስለ ሶሪያ ተነጋገሩ። በሽር አል-አሳድ ይውረዱ የሚለው የፓሪስ ጥያቄ ወደ ኋላ ተገፋ። አይሲስን ማስቀደሙ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሆኖም ክለሳው በሰላሙ ጊዜ ቢደረግ ኖሮ ለዓመታት የተያዘ አቋም በቀናት ውስጥ ባልተገለበጠ ነበር።

በዚህ ረገድ ጥብቁ ሥርዓት የጀርመን ነው። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1994 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ጦሩ ወደ ውጭ የሚዘምተው በአገሪቱ ምክር ቤት በቡንደስታግ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ፈቃዱም እንደ ልማዱ ለአንድ ዓመት ያህል ይሰጥና እንደገና ለክርክር ይቀርባል። ፖሊሲው የሚገመገመው ቀን መቁጠሪያው ሲደርስ ስለሆነ አጥቂው ቀኑን አይመርጥም። በዲሴምበር 2016 በርሊን ውስጥ በገና ገበያ ላይ 12 ሰዎች ሲገደሉም ጀርመን ከአፍጋኒስታን በድንጋጤ አልወጣችም፣ አዲስ ጦርነትም አላወጀችም። ይህ የሥርዓቱ ጥንካሬ ነው። ድክመቱ በሌላ በኩል መጣ። ከታሊባን ድል በኋላ በ2022 የተቋቋመው የቡንደስታግ አጣሪ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ጊዜያዊ ሪፖርት የአፍጋኒስታኑ ተልእኮ በስትራቴጂ ደረጃ እንደከሸፈ ደመደመ። በእነዚያ 20 ዓመታት ግዳጁ በተደጋጋሚ ለድምፅ ቀርቦ አንድም ጊዜ ሳይወድቅ አልፏል።